የጨቅሎቹ ዕቁብ

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኛል ወይ እያልኩ ሰንብቻለሁ። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልከበረበትም። ዌስተን በሚባል የሰሜን በረዶ አገር ሰፈር ውስጥ ባለ አሮጌ አፓርትመንት፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጥቂት ጎረቤታሞች ብርድ እየቆረጠማቸው ሰማይ አዩ፤ ነገሩ ይኸው ነው። በዩኒቨርሲቲያችን አማርኛ የምንጽፍ ተማሪዎች ስለማንረሳው ሰው እንድንጽፍ ስንስማማ፣ እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ስሙ ሲጠራ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ትልቅ ሰው ነበር። ሁለት ገጽ ያህል ጽፌ፣ ፊደሉን አርሜ፣ አሳምሬ ጨርሼም ነበር።

ባለፈው እሑድ ጠዋት እኔና እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ስንለባብስ ከአውስትራሊያ፣ ከፐርዝ ከተማ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ።

«ሊዱ! ሊዱዬ! አናቴ ላይ ናቸው! ትሰሚያለሽ? አንገቴን ቀና አድርጌ አድርጌ ልሰበር ነው! እዚያ በሕንጻና በሕንጻ መሃል እያጮለቅን የምንፈልጋቸው፣ እዚህ ልክ አናቴ ላይ ተንጠልጥለዋል! ለአስካለ ንገሪያት! አሁኑኑ ኮል አድርጊላት!»

ከኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ቀጥሎ የልጃቸው ድምፅ መጣ፦ «እማዬ፣ ኧረ ቀስ በይ፣ ገና አሁን መተኛቱ ነው!» መልእክቱ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

እናቴ አንድ እጇን ኮቷ ውስጥ አስገብታ ሌላውን ሳታስገባ ቆማ ቀረች። «እሳቸው ናቸው፤» አለች እየሳቀች። «ምንም አልተለወጡም።»

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለቱን ገጾች ወደ ጎን አድርጌ ስለ እትዬ ፋናዬ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

እትዬ ፋናዬ ከእኛ በር ትንሽ አለፍ ብሎ ባለው ቤት የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። እኔ ስወለድ እዚያው ነበሩ፤ ስለዚህ ጎረቤት ማለት እሳቸውን የመሰለ ሰው ማለት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ለብዙ ዓመታት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን በማጠብ፣ በማልበስና በማብላት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ፐርዝ ነው ያገባችው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። ሲያወሩ ሁለት እጃቸው አይበቃቸውም፤ ክርናቸውም ያግዛቸዋል። በር የሚያንኳኩት በጣታቸው አይደለም፤ በመዳፋቸው እንደ ከበሮ ይመቱታል። ስለዚህ «ማነው?» ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም።

የሚያስደንቅ ነገር ባዩ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ኧረ ይሄንንማ ብቻዬን አላይም!»

አንድ ጠዋት ከሕንጻችን ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቀበሮ አዩ። እኛ በር ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። እኔ የጥርስ ብሩሼን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ፣ እናቴ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ሌላው በካልሲ፣ እጃችንን ይዘው እስከ ኮሪደሩ መስኮት አስሮጡን። ስንደርስ ቀበሮው ሄዷል፤ በረዶው ላይ ዱካው ብቻ ቀርቷል። እትዬ ፋናዬ ግን ጭራውን በክንዳቸው፣ ጆሮውን በጣቶቻቸው እየሠሩ፣ ወደ ኋላ ዞሮ እንዴት እንዳያቸው እስኪያሳዩን ድረስ አልለቀቁንም። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ «ያን ቀበሮ ያየን ጊዜ» እያለች ታወራለች።

ቁጥር ላይ ግን አይታመኑም። ሺህን ሚሊዮን፣ ሚሊዮንን ቢሊዮን ቢሉ ግድ የላቸውም፤ «ብቻ ብዙ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ በልጅነቴ ልክ ልክ ማለት የምወድ ስለነበርኩ ላርማቸው አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋለሁ። ደስታቸውን ማቋረጥ ከባድ ነበር።

ከዋክብቱን ያስተዋወቃቸው በሥራቸው መጨረሻ ዓመት የሚንከባከቡት አንድ አዛውንት ነው። ግድግዳው ላይ የሰማይ ፎቶዎች ያሉበት ካላንደር ነበረው። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ መሃሉ አንድ ደማቅ ኮከብ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ተበተነ ስኳር ብዙ ደቃቅ ከዋክብት ከበውታል። አዛውንቱ ያንን እያሳየ፣ እነዚህ ሁሉ አብረው የተወለዱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ በደቡብ ሰማይ ዝቅ ብለው ነው የሚታዩት፣ ከዚህ ከተማ እንኳ በበረዶው ክረምት መጨረሻ በቴሌስኮፕ ይገኛሉ፣ ገና አራት አምስት ሚሊዮን ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ስለዚህ ሕፃናት ናቸው አላቸው።

እትዬ ፋናዬ ያን ቀን ከሺፍት ሲወጡ ቤታቸው አልገቡም፤ ኮታቸውን እንደለበሱ እኛ ጋ መጡ።

«ሰማችሁ? በአምስት ሚሊዮን ዓመት ሕፃን! እኔ ታዲያ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ገና አልተፀነስኩም ማለት አይደለም?»

እናቴ ሳቀች። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቴን፣ ወገቤን ማለት ቀረ። ከዋክብቱንም «ጨቅሎቹ» ብለው ስም አወጡላቸው።

አሁን አንደኛ ዓመት ነኝ፤ አስትሮኖሚም እወስዳለሁ። በታኅሣሥ መምህራችን ስለ ወጣት የከዋክብት ስብስቦች ሲያስተምሩ ያው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። «ታላቁ ውሻ» በሚባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለ ነው፤ ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ ያለበት ማለት ነው። የመሃሉ ደማቅ ኮከብ ታው ካኒስ ሜጀሪስ ይባላል፤ ፀሐያችን ከእነሱ ጋር ስትነጻጸር ሺህ እጥፍ ያህል አርጅታለች። ያን ሁሉ መምህሩ በእርጋታ ሲያስረዱ እኔ ጮክ ብዬ «ጨቅሎቹ!» አልኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ዞራ አየችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? የማውቃቸው ልጆች ናቸው ልበላት?

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

ሕንጻችን ውስጥ ስድስት ቤት ሆነን ዕቁብ ነበረን። ዳኛዋ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ከእትዬ ፋናዬ ጋር የሠላሳ ዓመት ጓደኛሞች ናቸው። አንዷ ጨው ሲያልቅባት ሌላዋ ታውቃለች ይባል ነበር። እትዬ አስካለ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በጉልበት ሕመም ምክንያት ዱላ የሚይዙ ሴት ናቸው። ስብሰባ ላይ ሰው ሲንጫጫ ወለሉን በዱላቸው አንድ ጊዜ ይመቱታል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። የዕቁቡን ሕግ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸውም አንድ ቀን ጥሰውት አያውቁም።

ሁለቱ ሴቶች ቃል ነበራቸው። የሁለቱም ዕቁብ ሲወጣ አንድ ላይ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ሄደው ሊሳለሙ ተስማምተዋል። የእትዬ አስካለ ወጣ፤ አስቀመጡት። በመስከረም የእትዬ ፋናዬ ወጣ። በዚያው ሳምንት ከሕንጻችን ፊት ለፊት፣ በደቡብ በኩል ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ረጅም ፎቅ ሊሠራ እንደሆነ የሚገልጸው ሰሌዳ ከተተከለ ከርሞ፣ የመጀመሪያው ክሬን ቆመ። እትዬ ፋናዬ በረንዳቸው ላይ ቆመው ክሬኑን አዩ፤ ከክሬኑ ጀርባ ያለውን ሰማይ አዩ። በማግሥቱ ቴሌስኮፕ ገዙ። ደህና የሚባለውን ነው የገዙት፤ ለመንገዱ የሚበቃ ነገር አልተረፈም።

እትዬ አስካለ ሲሰሙ ወዲያው መጡ። እኛ እዚያው ነበርን፤ ሳጥኑን ስንከፍት።

«ኢየሩሳሌም የትም አትሄድም፤» አሉ እትዬ ፋናዬ፣ እየተለማመጡ። «ይሄ ሰማይ ግን እየሄደ ነው፣ አስኩዬ። አንድ ክረምት ብቻ ነው የቀረን። የሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን።»

«ኢየሩሳሌም አትሄድም፤» አሉ እትዬ አስካለ። «ጉልበቴ ግን እየሄደ ነው።»

ዱላቸውን ወለል ላይ አልመቱም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሌቬተር ውስጥ ሲገናኙ እንኳ እትዬ አስካለ የፎቁን ቁጥር እያዩ ይቆማሉ እንጂ ሰላም አይሏቸውም።

እትዬ ፋናዬ ጥፋታቸውን አልካዱም። «ልክ ናት፤» ይሉ ነበር። «እኔ ብሆን ጸጉሬን እነጭ ነበር።» ግን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የማይችሉ ሰው ስለሆኑ፣ በየካቲት መጀመሪያ አራት ቤት በመዳፋቸው አንኳኩ።

«አዲስ ዕቁብ ጀምሬያለሁ። የብር አይደለም፤ የሰማይ ነው። እሑድ እሑድ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የወጣለት፣ በዚያ ሳምንት ሰማዩ በጠራ ምሽት፣ ቀድሞ ያያል፤ እስኪጠግብ ያያል። እኛ ከኋላው እንሰለፋለን። መዋጮው ቆሎ ነው። ሻይ በኔ።»

«እንዲህ ያለ ዕቁብ አለ እንዴ?» አሉ ጋሽ ታደለ። ከእትዬ ፋናዬ ቤት ሥር፣ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ድሮ ታክሲ ይነዱ የነበሩ ጨዋታ አዋቂ ናቸው።

«ካሁን በኋላ አለ።»

«ስንት ስም ነው የጻፍሽው?»

«ስድስት።»

ጋሽ ታደለ በጣታቸው ቆጠሩ። ስድስተኛው የእትዬ አስካለ ስም ነበር።

«አላወቀችም፣ አይደል?» አሉ።

«ስታውቅ ታውቃለች። እሷ ካላየች ዕቁቡ አይዘጋም። የሷው ሕግ ነው፤ አባል ጎድሎ የሚዘጋ ዕቁብ የለም።»

የመጀመሪያው ዕጣ ለጋሽ ታደለ ወጣ። ምሽቱ የጠራ፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ ነበር። ከጃኬታችን ላይ ጋቢ ደርበን በረንዳው ላይ ተደረደርን። ወደ ከተማው የሚሄደው የአውሮፕላን ማረፊያ ባቡር መስኮቶቹን እያበራ ከታች አለፈ። ፊት ለፊት የፎቁ አጥንት ቆሟል፤ ያኔ ጣራው ከእኛ በረንዳ እምብዛም አይበልጥም ነበር። እትዬ ፋናዬ ሲሪየስን አገኙና «ከሱ ወደ ታች፣ ወደ ውሻው ወገብ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ» እያሉ ቴሌስኮፑን ገፉት።

ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን አስጠጉ። «አየሁት! ኧረ አየሁት! እንዴት ያምራል፤ ቀይ ነው፣ ብልጭ ድርግም ይላል!»

እትዬ ፋናዬ ገፋ አድርገዋቸው አዩ። «ይሄማ የክሬኑ መብራት ነው! አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት መኪና ነድተህ ቀይ መብራት አታውቅም?»

ሳቃችን ሳይበርድ ትክክለኛው ተገኘ። ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን መልሰው አስጠጉ። «አንድ ኮከብ ነው፤ ጥሩ ኮከብ ነው፤» አሉ፣ እንደ እንግዳ ተጠንቅቀው። ከዚያ እግራቸው ደንዝዞ ኖሮ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረጉት። ወዲያው «ወይኔ!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ምን ሆንክ?»

«ዘለለ! በእናቴ እምላለሁ፣ ዘለለ!»

እትዬ ፋናዬ ተሽቀዳድመው ዓይናቸውን አስጠጉ። «ማነው የረገጠው? ድገመው! ታደለ፣ ድገመው!»

ጋሽ ታደለ ረገጡ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቴሌስኮፑ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ደማቁ ኮከብ በደቃቆቹ መሃል ከቦታው ተነሥቶ የሚዘል ይመስላል፤ ደቃቆቹ ግን ባሉበት የቀሩ ይመስላሉ። ለምን እንደዚያ እንደሚመስል ገና በደንብ አልተማርኩም፤ ዓይናችን ደማቁንና ደብዛዛውን እኩል ስለማይከተል ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ያን ምሽት ግን ምክንያት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ተራ በተራ አየን፤ የማያየው ይረግጣል። እናቴ ራሷ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጮክ ብላ የማታስነጥሰው እናቴ፣ «እኔ ሳይ በደንብ ርገጡ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ኮከቡ በጨቅሎቹ መሃል ሲጨፍር አየሁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ዕጣው ይወጣል፤ በየሳምንቱ ፎቁም አንድ እርከን ይጨምራል። ሁለቱ እየተሽቀዳደሙ ነበር። ደመና ሆኖ ሳምንት ሲያልፍብን እትዬ ፋናዬ በረንዳው ላይ ቆመው ደመናውን ይሳደባሉ፤ ግንበኞቹን ግን አይሳደቡም። «የሰው ቤት ነው የሚሠሩት፤ ምን ያድርጉ» ይላሉ። በጋሽ ታደለ ባርኔጣ ውስጥ እጃችንን በከተትን ቁጥር የአንዳችን ስም ይወጣል፤ የእትዬ አስካለ አይወጣም።

«ዕጣዋም እንደሷ ግትር ነው፤» አሉ ጋሽ ታደለ።

በመጨረሻ ባርኔጣው ውስጥ አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ። ለአንድ ሰው ዕጣ አያስፈልግም። ጾሙ ከተያዘ ሰንብቷል፤ የፎቁ ጫፍ ጨቅሎቹ ከሚያልፉበት ቦታ ሥር ደርሷል። አንድ እርከን ቢጨምር አለቀ። በሚቀጥለው ክረምት ያ ሰማይ የለም።

ጋሽ ታደለ ለሽምግልና ወደ እትዬ አስካለ ሄዱ። ቶሎ ተመለሱ።

«ምን አለችህ?»

«ሻይ ሰጠችኝ። ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ። ስለ ኮከብ ሳነሣ ሻዩን ወሰደችብኝ።»

እናቴ ሄደች፤ እሷንም በትህትና መለሷት። እትዬ ፋናዬ ራሳቸው ስልክ ደወሉ፤ እኛ እያየን ተዘጋባቸው። ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉ። እጃቸውም ክርናቸውም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቀን በፊት ዝም ብለው አይቻቸው ስለማላውቅ፣ ሌላ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ።

«ሊዱ፤» አሉኝ። «ኮከቡን ብቻዬን እንዳየሁት ነው የምቆጥረው።»

«እትዬ፣ ሁላችንም እኮ አየን።» ላጽናናቸው ፈልጌ ነው።

«አያችሁ፤ ተባረኩ። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሳይ መጀመሪያ የምጠራት እሷን ነበር።»

የሚካኤል ዕለት ደረሰ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዲት ሴት ለእትዬ አስካለ «ዳኛችን ዕጣቸውን ሳይወስዱ ቀሩ የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» እንዳለቻቸው እናቴ ሰማች። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው አለፏት። ሰማዩ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ ዋለ።

ማታ ሁሉም እትዬ ፋናዬ ቤት ተሰበሰበ። ቴሌስኮፑ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ጨቅሎቹ ከፎቁ ጫፍ በላይ በጣት ስፋት ብቻ ይታያሉ። ማንም ዓይኑን አላስጠጋም። ተራው የኛ አልነበረም። ቆሎው ሳህኑ ላይ እንደተቆለለ ነው።

በሩ በዱላ ተንኳኳ።

እትዬ አስካለ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ። «ስሜን ላስወጣ ነው የመጣሁት። በሌለሁበት ስሜን ዕቁብ ውስጥ ያስገባሽው በየትኛው ሕግ ነው?»

«በሕግ አይደለም፤» አሉ እትዬ ፋናዬ፣ ቀስ ብለው።

«ታዲያ በምን?»

«በልማድ። አንቺ የሌለሽበት ዕቁብ ገብቼ አላውቅም።»

እትዬ አስካለ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። «እንግዲያው አውጪልኝ።»

«ዳኛዬ፣ ይቅርታ፤» አሉ ጋሽ ታደለ። «አንዴ ዕጣ መውጣት ከጀመረ አባል አይወጣም ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ልውጣ ብል ከልክለሽኝ የለም?»

«አንተ ዝም በል!»

«እሺ፣ ዝም ብያለሁ። ግን ብለሻል።»

እትዬ አስካለ ዞረው ሁላችንንም አዩን፤ በረንዳውንም አዩ። «ዕጣዬን ወስጄ እሄዳለሁ። ዕቁቡ ይዘጋል። ከዚያ አንቺና እኔ የምንነጋገረው የለም።»

እትዬ ፋናዬ ወንበሩ ላይ ጋቢ አንጥፈው ወደ ግድግዳው ጥግ አሉ።

እትዬ አስካለ ዱላቸውን በቀኝ እጃቸው እንደያዙ ተቀምጠው ዓይናቸውን አስጠጉ። እንደሚዘል ነግረናቸው ቢሆን እወድ ነበር፤ ግን ማን ይነግራል?

«አንድ ኮከብ አያለሁ።»

«ጠብቂ፤ ዓይንሽ ይልመድ፤» አሉ እትዬ ፋናዬ ከጥጋቸው።

«ለምዷል። አንድ ኮከብና ዙሪያው ብናኝ ነው።» ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። «ለዚህ ነው? ፋናዬ፣ ኢየሩሳሌምን ያስቀረሽብኝ ለዚህ ነው?»

እንደ ልማዳቸው፣ ቤቱን ጸጥ እንደሚያሰኙት፣ በረንዳውን በዱላቸው አንድ ጊዜ መቱት።

አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ዓይናቸውን ግን አላነሡም።

«ምን ሆነሽ?» አሉ ጋሽ ታደለ፣ እያወቁ።

«ዘለለ።»

«ምን አልሽ?»

«ትልቁ ዘለለ! ከትንንሾቹ መሃል ብድግ ብሎ ዘለለ!» ሌላ መቱ። «ይኸው! ይኸው ደግሞ!» ሦስተኛ መቱ፤ አራተኛ መቱ። «ኧረ በሥላሴ፣ ይጫወታሉ እኮ! ከታች የሚኖረው ሰው ምን ይል ይሆን?»

«ከታች የምኖረው እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ታደለ እየጮኹ። «ደብድቢው!»

እትዬ አስካለ ይስቁ ነበር። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ማቆሚያ የሌለው ሳቅ ነው። ዓይናቸውን ከቴሌስኮፑ ሳያነሡ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አየሩን መዳሰስ ጀመሩ።

«ፋኒ! የት ሄድሽ? ነይ እንጂ! ይሄንን ብቻዬን ልየው?»

እትዬ ፋናዬ ከጥጋቸው ሲነሡ የሻዩን ትሪ ገለበጡት። ማንም ሊያነሣው አልጎነበሰም።

አንድ ወንበር ላይ ሁለቱም ተቀመጡ፤ ግማሽ ግማሽ። አንዷ ስታይ ሌላዋ ዱላውን ትመታለች። «አሁን ተራዬ ነው» «የማን ዕጣ ነው? ቆይ!» እየተባባሉ ይጣላሉ። መሃል ላይ እትዬ ፋናዬ «ኢየሩሳሌም እኮ...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ እትዬ አስካለ «አሁን አታውሪ፤ እያየሁ ነው» ብለው ዝም አሰኟቸው። እኛ እዚያ የነበርን ሁሉ ቆሎውን ያኔ ነው የጀመርነው። ጨቅሎቹ ቀስ እያሉ ወደ ቀኝ ተንሸራተው ከክሬኑ ክንድ ጀርባ እስኪገቡ ድረስ ከሁለቱ ሴቶች ሌላ ያየ የለም፤ የጠየቀም የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ፎቁ እርከኑን ጨመረ። አሁን እዚያ የሰዎች መስኮቶች አሉ፤ መጋረጃ ያለው፣ አበባ ያለው።

በበጋው የእትዬ ፋናዬ ልጅ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እሳቸውም ሊያርሷት ሄደው እዚያው ቀሩ። ቴሌስኮፑን ለእትዬ አስካለ ትተውላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ጋሽ ታደለን መኪና እያስነዱ ወደ ሐይቁ ዳር ይዘውት ይሄዳሉ። አሁን የሕንጻችንን ሰው በር እያንኳኩ የሚያስወጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ በዱላ። ሁለቱ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። የሚቀጥለው ትንሣኤ ላይ አንዷ ከምዕራብ፣ አንዷ ከምሥራቅ ተነሥተው ኢየሩሳሌም ለመገናኘት ተቃጥረዋል። ጉልበታቸው ከፈቀደ ማለቴ ነው፤ እትዬ አስካለ «ይፈቅዳል፤ ከሕፃናቱ በላይ ማን ያረጃል?» ብለውኛል።

የፐርዙን መልእክት ያን እሑድ ወዲያው አሰማኋቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ደጋግመው ሰሙት። «አናቷ ላይ!» እያሉ ወለሉን በዱላቸው መቱት።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል አንድ ነገር እንዳልሳሳት ፈራሁና በራቸውን አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ ዕቁባችን የተዘጋው መቼ ነበር?»

ዳኛ ናቸውና ለማሰብ እንኳ አልቆሙም። «አርብ፣ የሚካኤል ዕለት፤ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.።»